አስታ የቀቡት ፈረስ

ከኦርሁስ ከተማ በስተሰሜን፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ባለችው ከተማችን፣ መዝናኛ ፓርኩ ውስጥ የሚዞሩትን የእንጨት ፈረሶች ለአርባ ዓመት ያንቀሳቀሱት ኤይጊል ናቸው። የከተማው አስተዳደር ይህን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ካሩሴል ወደ ጥንት መልኩ ለመመለስ ሲወስን፣ እኔን ለቀለሙ፣ ጡረታ የወጡትን ኤይጊልን ደግሞ ለሞተሩ ቀጠረን።

ሥራዬ በስስ ቢላ ቀለም መፋቅ ነበር። በየፈረሱ ላይ ሰባት ስምንት ጊዜ ተደራርቦ ተቀብቷል፤ ከሁሉም ሥር የመጀመሪያው ቀለም አለ። የበረዶው ክረምት በመጋቢት ሲያልቅ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ፈረስ ብቻ ቀረኝ።

«እሱን እኔ እፍቀዋለሁ» አሉኝ ኤይጊል።

በማግስቱ አልተነካም። በሳምንቱም አልተነካም።

«ኤይጊል፣ በግንቦት ይከፈታል እኮ!»

ቁጭ አሉ። «አስታ ናት የቀባችው» አሉኝ። ሚስታቸው ነበሩ። ፈረሶቹን በየክረምቱ የሚቀቡት እሳቸው ነበሩ። ከሃምሳ ዓመት በፊት የካሩሴሉን ኦርጋን ሊቃኝ ከመጣ ሰው ጋር ባሕር ተሻግረው ማልሞ ገቡ፤ በዚያው ቀሩ።

«ጽፈውላቸው ያውቃሉ?»

«ምን ብዬ? ፈረሱ ደህና ነው ብዬ?»

አድራሻቸውን ፈልጌ እኔ ጻፍኩላቸው። ከላክሁት በኋላ ምን ነካኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

አስታ አንድ የሚያዝያ ረፋድ ላይ ምርኩዝ ይዘው መጡ። ለኤይጊል ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ፈረሱን አይተው ሳቁ።

«ይሄን ጉድ እስካሁን አልፋቅከውም?»

«አንቺ ነሻ የቀባሽው።»

«አበላሽቼው ነበር እኮ! ጥቁሩ በዝቶብኝ። ልደግመው አስቤ ነበር።»

«መቼ?»

«በሚቀጥለው ክረምት።»

ያ ክረምት ሲመጣ አስታ አልነበሩም።

አሁን ግን ካፖርታቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ቢላ ስጪኝ።»

እሳቸው ከአንገቱ፣ ኤይጊል ከጎኑ ጀመሩ።

«ቀስ በል፣ እንጨቱን ትወጋዋለህ!»

«ሃምሳ ዓመት ጠፍተሽ መጥተሽ ታዢኛለሽ?»

«ድሮም አትሰማም።»

ዳቦ በዓሣ ይዤ ስመለስ ሁለቱም ሰማያዊ አቧራ ለብሰው ይስቃሉ። ከሥሩ ግራጫ ብቅ ብሏል፤ ዝናብ ያረፈበት የሚመስል፣ ነጠብጣብ ያለበት። አስታ ሊሄዱበት ያሰቡት ባቡር አመለጣቸው፤ ቀጥሎ ያለውም አመለጣቸው። አመሻሽ ላይ ግን ካፖርታቸውን ለበሱ፤ የኤይጊልን እጅ ይዘው ትንሽ ቆዩና ሄዱ።

«ይመለሳሉ?» አልኳቸው ኤይጊልን።

«አልጠየቅኳትም።»

«ለምን?»

«መልስ ብትሰጠኝስ?»

ካሩሴሉ በግንቦት ተከፈተ፤ ግራጫው ላይ ለመውጣት ሕፃናቱ ተጋፉ። ሰዉ ሲያጨበጭብ ኤይጊል የሞተሩ ክፍል ውስጥ ነበሩ።

አንድ የሰኔ እሑድ ማልሞ ሄደው በዚያው ዕለት ተመለሱ።

«አገኟቸው?»

«ቤት የለችም። እህቷ ጋ መሄዷን ጎረቤቷ ነገረችኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት፣ ጠበቅኋት…» ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። «ደግ ጎረቤት ናት። ውሃ ሰጠችኝ።»

በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ባቡር ጣቢያው ውስጥ አየኋቸው። ፀጉራቸውን ተስተካክለዋል፤ ወደ ማልሞ የሚወስዳቸው ባቡር እስኪመጣ አንዴም አልተቀመጡም።