ከከፈተችላቸው በኋላ

«አታለልሽኝ» አለች ሚጢጢ፣ አዲሱን መጽሐፍ ካልተተኮሱት ሸሚዞች ጎን እየወረወረች። «እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መጨረሻው ያምራል አላልሽኝም?»

በረኛዋ ካውያውን አቁማ ቀና አለች። ላውንደሪው ውስጥ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የለም። «ባለዘጠኝ በሯ ከተማ» የሚባለውን ልቦለድ ይዛ በውስጡ ያለችውን በረኛ ስታወድስ ስለምትውል ስሙ እላይዋ ላይ ተለጥፎ ቀረ። አዲስ ተቀጣሪዎች ኳስ ተጫውታ የምታውቅ ይመስላቸዋል። ጥርሷን ልትታከም ሄዳ እንኳ አፏን እንደከፈተች ለሐኪሙ ታሪኩን ልትነግረው ሞክራለች።

«ታዲያ አያምርም?» አለች፣ ራሷ የጻፈችው ይመስል እየኮራች። «እናቷና ወንድሞቿ ጭጋጉ ውስጥ ሆነው ሦስት ሌሊት ይጠሯታል። ከተማው አትክፈቺ ይላታል። እሷ ግን ቁልፉን አዞረች፤ በሩንም ከፈተችላቸው። አለቀ። ጎበዝ ደራሲ የት ላይ ዝም እንደሚል ያውቃል።»

«የምን አለቀ? ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ምዕራፎችስ?»

«ከዚያ በኋላ ምንም የለም።»

ገንዘብ ተቀባይዋ ሚጢጢ ቁመቷ አጭር ነው እንጂ ለክርክር አታንስም። መጽሐፉን ገልጣ አፍንጫዋ ሥር አደረገችላት። በሩንም ከፈተችላቸው ከሚለው ቀጥሎ ሌላ ገጽ ነበር፤ ከዚያም ሌላ።

በረኛዋ የራሷን ቅጂ የገዛችው በልጅነቷ፣ ከመንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው። የኋላ ሽፋን ስላልነበረው በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ለበደችው። የመጨረሻው ገጽ በአራት ነጥብ ይዘጋል፤ ስለዚህ ይጎድለዋል ብላ ጠርጥራ አታውቅም። ያነበቡት ወዳጆቿም ሁሉ ያንኑ ቅጂ ተውሰው ነው ያነበቡት። መጽሐፉ ሰሞኑን እንደገና ባይታተምና ሚጢጢ የመዋሻ ወረፋ መጠበቅ ሰልችቷት ባትገዛው ኖሮ እንደዚሁ ይኖሩ ነበር።

ቆማ አነበበች። በበሩ የገቡት ጭጋጎች ነበሩ። የእናቷ ድምፅ አላቸው፣ የወንድሞቿ እርምጃ አላቸው፣ ፊት ግን የላቸውም። መጀመሪያ የገቡት የልቦለዱ በረኛ ቤት፣ ታናሽ እህቷ የተኛችበት ክፍል ነው። ሳይነጋ ከተማው ውስጥ የሚበራ ኩራዝ አልቀረም።

«ሸሚዙ!» አለች ሚጢጢ።

ካውያው መቼ እንደወደቀ አላየችም። የአንድ ደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ቡናማ ሆኗል። ሌላ ቀን ቢሆን ራሷን ይዛ ትጮህ ነበር፤ አሁን ግን መጽሐፉን እንደያዘች ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ልብ ወለድ እኮ ነው» አለች ሚጢጢ፣ ደንግጣ። «ምን ሆንሽ?»

«ማታ ወንድሜ ይመጣል» አለች በረኛዋ። «ባሌን ያሳመንኩት በዚህ መጽሐፍ ነው።»

ወንድሟ ከዓመታት በፊት ሰክሮ ገብቶ የእናታቸውን ክንድ ሰብሮ የጠፋ ሰው ነው። አጥንቷ ቢገጥምም ክንዷ እስከ ዛሬ አይዘረጋም። ባለፈው ወር ደውሎ መጠጥ መተዉን ነገራት፤ ሥራ እስካገኝ አስጠጊኝ አላት። አውቶቡስ ሹፌሩ ባሏ እናትሽ ባለችበት ቤት አይሆንም ብሎ ነበር። እሷ ግን የመጽሐፉ በረኛ ብትሆን ትከፍትለት ነበር እያለች ጠዋት ማታ ወተወተችው። በመጨረሻ፣ «ከመጽሐፍ ጋር ተሟግቶ የረታ ባል የለም» ብሎ እጁን ሰጠ። ዛሬ ደግሞ የማታ ተረኛ ነው።

«ወንድምሽ ጭጋግ አይደለም፤ ሰው ነው» አለች ሚጢጢ። «ተለውጦ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች በረኛዋ። ከ‹ይሆናል› ሌላ የምታውቀው አለመኖሩ አስፈራት።

የቀረውን ወደ ቤቷ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጨረሰችው። በመጨረሻው ምዕራፍ አንዲት አሮጊት ኩራዝ ለኳሽ ከፍርስራሹ ወጥታ በረኛዋን ትጠይቃታለች፦ የውጪዎቹን ድምፅ ሦስት ሌሊት አዳመጥሽ፤ የእኛን የውስጦቹን አንድ ቀን ሰምተሻል? አንባቢዋ ገጹን ሁለቴ አነበበችው። ከጠቅላላው መጽሐፍ የሚበልጠው ዐረፍተ ነገር ይኸው ነበር፤ ይህን ሁሉ ዘመን ያለ እሱ ስትወደው መኖሯ አንገበገባት።

ቤት ስትደርስ እናቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሹራቧን ለብሳለች፣ ጫማዋን አስራለች፤ ትንሽ ቦርሳ ጭኗ ላይ አለ።

«እማዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«ጎረቤት አድራለሁ። ወንድምሽ ይግባ፤ እኔ ምንም አልልም። ቤቱ የእናንተ ነው።»

በረኛዋ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። በየእራቱ ከባሏ ጋር ሲከራከሩ እናቷ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበረች፤ እሷ ግን አንድም ቀን ዞር ብላ እናቷን አላየቻትም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? የምትጠይቂው መጽሐፉን ነበር» አለች እናቷ፣ ያለ ቁጣ። «ልጄ ነው፤ ይናፍቀኛል። ግን በስልክ ድምፁን ስሰማ ክንዴን ያመኛል።»

በሩ ተንኳኳ።

«እህቴ፣ እኔ ነኝ» አለ ከውጭ። ልጅ ሳሉ በጨለማ ስትፈራ አይዞሽ የሚላት ድምፅ ነው፤ እንባዋ መጣ። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ እስከ በሩ ሄደች። ከዚያ ተመለሰችና በእናቷ ደህና እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ያልሽው ይሆናል።»

እናቷ ቁልፉን አገላብጣ አየችው። ሁለተኛ ተንኳኳ።

«ነገ በቀን ይምጣ» አለች በመጨረሻ። «ባልሽም ባለበት። ደጅ ላይ ቁጭ ብለን ፊቱን ልየው።»

በረኛዋ በሩን ተጠግታ ቆመች። እነዚህን ቃላት ከአፏ ማውጣት ከበዳት።

«ወንድሜ፣ ዛሬ አልከፍትልህም። ነገ በቀን ና፤ ደጅ ላይ እንገናኝ።»

ከውጭ ወደ በሩ ሲጠጋ ተሰማት።

«እማዬ ናት ያለችው?»

«አዎ፣ እሷ ናት።»

«እሺ» አለ። «እመጣለሁ በያት።» እርምጃው ቀስ እያለ ራቀ። ይመጣ እንደሆነ ማንም አላወቀም።

በረኛዋ ተመልሳ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከችና የጫማዋን ማሰሪያ ፈታችላት። እናቷ ቁልፉን ትራሷ ሥር አደረገችው። በረኛዋም መልሽልኝ አላለቻትም።