አራት እጅ ዘይት

አባቴ ኤሚል ሁዳክ በከተማችን የእሳት አደጋ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ለሃያ ስድስት ዓመት ሥጋ ጠብሷል። አይከፈልበትም፤ ጣቢያው ራሱ የበጎ ፈቃደኞች ነው። በሜይ ወር የመጨረሻ ሰኞ፣ በጦርነት የሞቱት በሚታሰቡበት ቀን፣ ሰልፈኛው ከመቃብር ቦታው ተመልሶ በርገር የሚበላው ከእሱ እጅ ነው። በምዕራብ ፔንሲልቬንያ ትንንሽ ከተሞች ይህ ሹመት ነው። ከንቲባው ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው እንኳ እሳቱ ላይ ማን እንደሚቆም ያውቃል።

አምና እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለ። አባቴ ጃኬቱን ለብሶ "እሺ፣ ስሙን አወቅነው" ብሎ መኪናውን አስነሣ። በዚያው ዓመት በመታሰቢያው ቀን አሥራ አራት በርገር በፍርግርጉ ዘንጎች መሃል ሾልኮ ከሰሉ ውስጥ ገባ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ስቡ ሲንጠባጠብ ነበልባሉ ዘሎ የሸሚዙን እጅጌ ለበለበው። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር።

እኔ ፒትስበርግ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤት እመጣለሁ። እናቴ ፍሎሪዳ ሌላ ሰው አግብታ ስለምትኖር አባቴን የማየው እኔ ነኝ። ነገሩን እንደ ማንኛውም ችግር አሰብኩት። ፍርግርግ ክፍተት አለው፤ የአባቴ እጅ ክፍተት አይችልም። ስለዚህ ክፍተት የሌለው ነገር ያስፈልጋል። ኤፕሪል ላይ በጋዝ የሚሠራ፣ ደጅ የሚቀመጥ፣ የበር ግማሽ የሚያህል ብረት ምጣድ ገዝቼ አመጣሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ በረንዳው ላይ ቆሞ። "ጠረጴዛ ነው?"

"ብረት ምጣድ ነው። አንተ ልትጠብስበት።"

"ቁርስ ቤት ልንከፍት ነው እንዴ?"

"አባዬ፣ ሃያ አራት በርገር በአንዴ ይይዛል። ነበልባል አይዘልበትም። ሽንኩርት ትጠብስበታለህ፣ እንቁላል ትጠብስበታለህ። ፍርግርግ ላይ እንቁላል ጠብሰህ ታውቃለህ?"

"ጭስ ያልነካው ሥጋ እኮ ሆስፒታልም አለ፣ ኮሪ። ለሱ ግቢ አያስፈልግም።"

ስለ እጁ አንድም ቃል አልተናገርኩም። እሱ ግን ምጣዱን አየ፣ ከዚያ እጁን አየ፣ ከዚያ መከራከሩን ተወ።

አዲስ ብረት መሟሸት አለበት። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ በያጅ ስለነበር ይህን ከእኔ ሊማር አልፈለገም። ብረቱን አግሎ ጨርቁን ዘይት አስነካና ቀባው። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ መልሶ ጠረገው።

"ለምን ትጠርገዋለህ? አሁን ቀብተኸው?"

"ዘይቱን ትቀቢያለሽ፣ ከዚያ ተሳስቼ ነው የቀባሁት ብለሽ ትጠርጊዋለሽ። ጠርገሽ ያልለቀቀሽ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ጭሱ ጨርሶ እስኪጠፋ ትጠብቂያለሽ። አራት ጊዜ።"

"አራቱንም ቁጭ ብለህ ልታየው ነው?"

"ሌላ ምን ሥራ አለኝ?"

ምጣዱ የአባቴን ልብ ለመውሰድ ሦስት ሳምንት አልፈጀበትም። አንድ እሑድ ስደርስ ግቢው በሽንኩርት ሽታ ታፍኗል። ሽንኩርቱን እንደ ወረቀት አሳስቶ ከትፏል። የተፈጨውን ሥጋ አድቦልቡሎ ብረቱ ላይ ያስቀምጥና ሽንኩርቱን ከላይ ጭኖበት በሰፊው መገልበጫ ይደፈጥጠዋል። ጠርዙ እንደ ዳንቴል ሳስቶ ይጠበሳል።

"ፍርግርግ ላይ ስቡ የት ነው የሚሄደው?" አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

"እሳቱ ውስጥ።"

"እሳቱ ውስጥ። ሃያ ስድስት ዓመት ምርጡን ለከሰል ስቀልብ ኖሬያለሁ። እዚህ የትም አይሄድም። ሥጋው በገዛ ስቡ ይበስላል፣ ሽንኩርቱ ከሱ ይጠጣል፣ የተረፈውን ዳቦው ይጠርገዋል።"

"ይህንኑ አይደል የነገርኩህ?"

"አንቺ ያነበብሽውን ነው የነገርሽኝ። ብዪ፣ ሳይበርድ።"

እየበላሁ እጁን አየሁት። ይንቀጠቀጣል። ነገር ግን እዚህ ሥጋውን ከፍ አድርጎ ማንሳት የለም፤ መገልበጫው ብረቱን ተደግፎ ይንሸራተታል፣ ብረቱም ንቅጥቃጤውን ይሸከምለታል። ከአጥሩ ማዶ ለሚያይ ሰው የሚታየው ሥራ ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

የዚያኑ ቀን ለጣቢያው አለቃ ለዱዌን ደወለ። ዱዌን የሠላሳ ዓመት ጓደኛው ነው። ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያወጣ እኔም ሰማሁ።

"ኤሚል፣ ዘንድሮ ትራቪስ እሳቱን ቢይዝልህ ብለን ነበር። አንተ ደግሞ አጠገቡ ወንበር ላይ—"

"ትራቪስ ዳቦ ይቁረጥ። እኔ ምጣድ ይዤ ነው የምመጣው።"

ትራቪስ ከጣቢያው በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነው። "ዘንድሮን እንየው እንግዲህ" አለ ዱዌን።

ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። ዘንድሮ ከተሳካ የእሱ ቦታ የእሱ ነው። ካልተሳካ ወንበሩ ይጠብቀዋል።

ከመታሰቢያው በፊት ባለው ዓርብ ማታ ዘነበ። ክዳኑን በደንብ ሳልገጥመው ወደ ቤት የገባሁት እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ስንከፍተው ብረቱ መሃል የሳህን ስፋት ያለው ቀይ ዝገት ይዟል። አባቴ መድኃኒቱን ውጦ ነበር፤ ከዋጠ በኋላ ሦስት ሰዓት ካልተኛ መቆም አይችልም።

"ዝገቱን ልጊው" አለኝ። "ከዚያ አራት እጅ ዘይት። ስስ። ጭሱ ሳያልቅ ሁለተኛውን እንዳትጀምሪ።"

"አውቃለሁ አባዬ።"

"ማወቅሽን አልጠየቅኩሽም።"

ዝገቱን ላግሁት። የመጀመሪያውን ቀባሁ፣ ጠረግሁ፣ ጭሱን ማየት ጀመርኩ። አርባ ደቂቃ። በዚያ ምሽት መላክ ያለበት ጽሑፍ ነበረኝ፤ ገና አላለቀም። አራት ስስ ማለት አንድ ወፍራም ማለት ነው ብዬ አሰላሁ። ዘይቱን ከጠርሙሱ አፈሰስኩ፣ አሰራጨሁት፣ አልጠረግሁትም። እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ስወጣ ብረቱ ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ጠበቀኝ። እሱ ካሟሸው ይልቅ ያበራ ነበር። እንዲያውም ኮራሁ።

አባቴ በነጠላ ጫማ ወጣ። "አራት?" አለ።

"አራት።"

ጣቱን በብረቱ ላይ አስኬደ። መሃል ላይ ቆም አለ።

"ያበራል" አለ።

"ማብራቱ ጥሩ አይደል?"

አየኝ። "አንቺ አራት ካልሽ አራት ነው።"

ሰኞ ፀሐይ ወጣ። በመቃብር ቦታው ለሙታኑ ክብር ሦስት ጊዜ ሲተኮስ ጣቢያው ግቢ ድረስ ተሰማን። አባቴ በዚያ ሰዓት ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፣ ከዚያ ጋዙን ከፈተ። ሕዝቡ ሲደርስ የመጀመሪያው ሽንኩርት ቡናማ ሆኖ ነበር። ፍርግርግ ብቻ የለመዱት ተሰብስበው አዩት። አንዱ "ኤሚል፣ ፓንኬክም አለ?" አለው። አባቴ "ለአንተ ለብቻህ፣ በጡጦ" ብሎ መለሰለት። ሰው ሳቀ። በዚህ ዓመት እንደዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይቼው አላውቅም።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ።

ከዚያ ሳህን የምታቀብለው ማርሊን አንድ ዳቦ ገልጣ አየች። "ኤሚል፣ ይሄ ቁንዶ በርበሬ ነው?"

አልነበረም። ነጩ ሽንኩርት ላይ ጥቁር ቅርፊት ተጣብቋል። አባቴ መገልበጫውን ብረቱ ላይ ሲገፋው እንደ አሮጌ ቀለም የሚላጥ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ነገር ተነሣ። እንደገና ገፋ። የባሰ ተነሣ። ሥጋው በሙሉ ጥቁር በጥቁር ሆነ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሰዎች ሳህናቸውን ይዘው ቆሙ፤ አንዳንዶቹ የያዙትን በዘዴ ቅርጫት ውስጥ ጣሉ። የአባቴ እጅ ብሶበት መገልበጫው ብረቱን ይደበድብ ጀመር። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ።

ዱዌን መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ የበሽተኛ ክፍል ውስጥ እንደሚወራው።

"ኤሚል፣ ና እስቲ ትንሽ አረፍ በል። ፀሐዩም በርትቷል።"

"ዱዌን፣ እኔ ነኝ" አልኩ። "ምጣዱን ያሟሸሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወፍራም አድርጌ ነው የቀባሁት። እሱ አራት ጊዜ ብሎኝ ነበር።"

ዱዌን ትከሻዬን ያዘኝ። "ጥሩ ልጅ ነሽ፣ ኮሪ።"

"ጥሩ ልጅ አይደለሁም። እውነቱን ነው የምነግርህ። አራት ቀብቻለሁ ብዬ ዋሸሁት።"

"እንዳንቺ ያለች ልጅ ሰጥቶኝ ቢሆን" አለች ማርሊን፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

እንዳላመኑኝ ያኔ ገባኝ። ያበላሸው የአባቴ በሽታ ነው ብለው ቀድመው ደምድመዋል፤ የእኔ እውነት ከዚያ ጋር ሲጋጭ የልጅ ደግነት ሆነ። "አባዬ፣ ንገራቸው" አልኩት።

አባቴ ጋዙን ዘጋ። "ረስቼው ነው" አለ። "አንድ እጅ ቀብቼ የቀረውን ረሳሁት። ይሄ መድኃኒት ያደነዝዘኛል።"

ትራቪስ ከእሳት አደጋው መኪና ጀርባ አሮጌውን ፍርግርግ እየጎተተ አመጣ። የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። "ይቅርታ፣ ሚስተር ሁዳክ" አለ። "እርስዎ እስኪያርፉ ነው።"

አባቴ ፍርግርጉ ውስጥ አየ። ከሰሉ ነጭ ሆኗል። ከዚያ መገልበጫውን በሽርጡ ጠርጎ፣ እጀታውን ወደ ትራቪስ አዙሮ ሰጠው። "ከዳር ያለውን ቶሎ ቶሎ አዙር" አለው። "በስተግራ እሳቱ ይበረታል።" ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰው ሎሚናት አመጣለት፤ ሳይፈስስ እንዲይዘው በሁለት እጁ አስያዙት።

ወደ ቤት ስንመለስ የነዳሁት እኔ ነኝ። ድልድዩን እንዳለፍን ጠየቅሁት።

"ለምን አልነገርካቸውም?"

"አይተሻቸዋል። ብነግራቸውም አንቺን ለማዳን ነው ይሉ ነበር።"

"ለእኔ ስትል ከሆነ እኔ አልጠየቅኩህም።"

"ከሰሉን አይተሽዋል?" አለ። "ከሰል ነጭ እስኪሆን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ገና ምንም ሳይበላሽ ነው ያቀጣጠሉት።"

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም ብዬ ልተነፍስ ፈለግሁ። ስለዚህ ጠየቅሁት። መጠየቅ አልነበረብኝም፣ ግን ግማሽ መልስ ይዤ መቀመጥ አልችልም።

"እና በደንብ ተሟሽቶ ቢሆን ኖሮ?"

እኔን ለማስደሰት መዋሸት ይችል ነበር።

"ያቀጣጠሉት ከሰል አመድ ሆኖ ይቀር ነበር" አለ። "አንድ ዓመት ነበረኝ። ምናልባት ሁለት።"

በማግስቱ ወደ ፒትስበርግ አልሄድኩም። ጥቁሩን ቅርፊት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ላግሁት፤ ክንዴ እስኪዝል። አባቴ ወንበሩን አውጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ቀባሁ፣ በስህተት እንደቀባሁት ሁሉ መልሼ ጠረግሁት። ጭሱ ተነሣ፤ አርባ ደቂቃ ጠበቅን፤ አለቀ። ሁለተኛውን ቀባሁ።

"አሁንም ወፍራም ነው" አለኝ። ጠረግሁ። "አሁን ልክ ነው።"

ሁለተኛው ጭስ ሲያልቅ የወንበሩን ክንድ ተደግፎ ተነሣ።

"ሁለት ይቀራል" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለና ወደ ቤት ገባ።

ሦስተኛውን ቀባሁ። አራተኛውንም። ጭሱ ጨርሶ እስኪጠፋ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ክዳኑን ገጠምኩት።