መጽሐፍ የሌለው ጀብዱ

መዝገበ ቃላት በሚዘጋጅበት ቢሮ ባልደረቦቿ «ቃል ለቃሚዋ» ይሏታል። ሥራዋ መጽሐፍ እያነበበች አንድ ቃል የገባበትን ዓረፍተ ነገር ከነገጹ ካርድ ላይ መገልበጥ ነው። ከታተመ መጽሐፍ ያልተገኘ ምሳሌ አይገባም። ከራሱ ፈጥሮ የጻፈ ሰው እዚያ ቢሮ ከሌባ አይሻልም።

ሰሞኑን የያዘችው ቃል «ጀብዱ» ነው። ካርዶቿ ላይ አንዱ አንበሳ ይገድላል፣ ሌላው የሞላ ወንዝ ይሻገራል፣ ሌላው እስር ቤት ሰብሮ ያመልጣል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከመቶ አሥራ ሁለት ካርድ አንዷ እንኳ የሴት አይደለችም! ሴቶቹ ጀግናው ሲመለስ በር ይከፍታሉ። የቢሮው አለቃ ይህን አይተው፣ «አንድ የሴት ጀብዱ ፈልጊልኝ። መዝገበ ቃላቱ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል» አሏት። ፈለገች፣ ወፍ የለም።

ልቧም እዚያ አልነበረም። በአርባ አንድ ዓመቷ ታላቅ ወንድሟ ቤት ትኖራለች። ስትወጣ ሰዓት አይቶ ይሸኛታል፣ ስትገባ ሰዓት አይቶ ይቀበላታል። የክፍሏን ቁልፍ ከወሰደባት ቆይቷል። ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። «ለአንቺው ብዬ ነው» ይላታል፣ አንገቷን ትደፋለች። አጠገቧ የምትቀመጠው ጸሐፊ ትርፍ ክፍል ስላላት «ነይ አብረን እንኑር» ካለቻት ሦስት ወር ሆነ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ «እህቴ፣ አንዲት ልጅ ክፍሉን እየጠየቀችኝ ነው። ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ» አለቻት። ለወንድሟ «ልወጣ ነው» ብላ በሐሳቧ ሺህ ጊዜ ነግራዋለች። አፏ ላይ ሲደርስ ግን «እራት ላቅርብ?» ሆኖ ይወጣል።

ከሰዓት በኋላ ምን እንደነካት እንጃ፣ ባዶ ካርድ ስባ ጻፈች። «ወንድሟ ፊት ቆማ፣ ‹ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ የራሴ ቤት አለኝ› አለችው። በዚያ ቤት ከዚህ የበለጠ ጀብዱ ተሠርቶ አያውቅም።» የመጽሐፉን ስም ከየት ታምጣው? «ገጽ አርባ አንድ» ብላ ብቻ ለአለቃው ሰጠች።

አለቃው ደግመው አነበቡት።

«ግሩም ነው! መጽሐፉ የታል?»

«መጽሐፍ የለውም።»

ቁጣ ጠበቀች። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚኝ ልጄ፣ ይህን በእውነት ያደረገች ሴት ካለች፣ ‹ከሰው የተሰማ› ብዬ አስገባዋለሁ። ደንቡን እኔ እጥሰዋለሁ። አለች?»

ጸሐፊዋ መተየቧን አቆመች። ቃል ለቃሚዋ «አለች» ብትል፣ ዛሬውኑ ቤት ሄዳ እውነት ልታደርገው ነው። ወንድሟ «ምን አጎደልኩብሽ?» ሲላት ታያት። ፈራች።

«የለችም» አለች።

አለቃው ካርዱን መልሰውላት ወጡ። ጸሐፊዋም ለራሷ ጥያቄ መልሱን ሰምታለች።

«ገባኝ» አለች ቀስ ብላ። «ክፍሉን ለልጅቷ እሰጣታለሁ።»

«ስጫት» አለች ቃል ለቃሚዋ። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች፤ ከዘገየች ወንድሟ ይጨነቃል።