የአቶ ወልደጻድቅ ደም

ኤንዛይሙ ሞቷል። በቃ፣ አለቀለት! ኑኃሚን የማሽኑን ውጤት ደጋግማ አየችው፤ የስኳር ታማሚውም የጤነኛውም ደም እኩል ባዶ ነው። የዓመት ልፋቷ አፈር በላ።

ጥናቷን ለጠየቃት ሁሉ እንዲህ ነበር የምታስረዳው፤ ብረት እንደሚዝግ የሰውም ሕዋስ ይዝጋል፣ ይህን ዝገት የሚከላከል ኤንዛይም ደግሞ ደማችን ውስጥ አለ። የስኳር ታማሚ ኩላሊት ከመጎዳቱ በፊት ኤንዛይሙ የሚቀንስ ከሆነ ሰውን ቀድሞ ማስጠንቀቅ ይቻላል። ለዚህ ብሎ ነው ሰው ከጀልዴሳ ገጠር ድረስ ቁርስ ሳይቀምስ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣላት። ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ አቶ ወልደጻድቅማ ደም ሥራቸው አልገኝ ብሎ ስትወጋጋቸው፣ ግድ የለም ለልጅ ልጆቼ ይጠቅማል ብለው ነበር የቻሏት። አሁን በየትኛው ዓይኗ አይታቸው ነው ድገሙልኝ የምትለው?

ደሙ ትልቁ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ እንደሆነ መቆየት ነበረበት። ከቀለጠ ኤንዛይሙ አይተርፍም። ድሬ ላይ ምን ቢበላሽ የሚሳበበው በመብራት ነውና እሷም የጄኔሬተሩን ኃላፊ ነጅሙዲንን ቢሮው ድረስ ሄዳ አፋጠጠችው። አቦ፣ ጄኔሬተሬ አንድም ቀን አልከዳሽም፣ ሌላ ጥፋተኛ ፈልጊ ብሎ ሸኛት። እርር ድብን ብላ ተመለሰች።

የግንቦት ሙቀት ግድግዳውን ሳይቀር ያፋጃል። ላብራቶሪውን የሚያጸዱት፣ ሁሉም እንደ አክስት «ኤዶ» የሚላቸው ሃሊሞ ፊቷን አይተው እንደ ወትሮው ቀዝቃዛ ውሃ በጠርሙስ አመጡላት። ሳታመሰግን ተቀብላ ግማሹን ጨለጠችው። ጥርስ ያደነዝዛል። የቀረው ገና በረዶ ነው፤ ስታነቃንቀው ኳ ኳ ይላል።

ያኔ ክው አለች። በዚህ ሙቀት የየትኛው ሱቅ ፍሪጅ ነው ውሃን እንዲህ በረዶ የሚያደርገው?

«ኤዶ፣ ይሄን ውሃ የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«እዚሁ፣ ያንቺው ፍሪዘር ውስጥ ነዋ። ብልቃጦችሽን ገፋ አድርጌ የሁላችሁንም ጠዋት ጠዋት አስገባለሁ።»

ያ ሁሉ የሞቀ ውሃ ጠዋት ጠዋት ሲገባ ደሙ እየቀለጠ ተመልሶ ይረጋ ነበር ማለት ነው። ለመጮህ አፏን ከፈተች። ኤዶ ሃሊሞ ግን ግራ ገብቷቸው ቀጠሉ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ እንዲህ የቀዘቀዘ ውሃ ድሬ ውስጥ የለም፣ ነገም እንዳይቀርብኝ ያልሽኝ? ላንቺ ብዬ የጀመርኩትን ነው ሌላው የለመደው።»

እውነታቸውን ነው። ትከሻቸውን ስማ ነበር ያለችው። ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው የሰው ደም መሆኑንም አልነገረቻቸውም። በሩ ላይ የለጠፈችው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ራሷ ብቻ የምታነበው። ንዴቷ የሚያርፍበት ሰው አጣ።

ስልኳን አንስታ አቶ ወልደጻድቅ ጋ ደወለች። ነገ ቁርስ ሳይበሉ እንዲመጡላት ለመነቻቸው።

ሽማግሌው ግን ጠየቁ። «ያኛው ደሜስ ምን ሆነ፣ ልጄ?»

መብራት ነው የሚለው መልስ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ አባባ» አለች።