የጠፋው ሁለት ሜትር ተኩል

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ያላመነ ሜትር ይዞ ይሂድና ቤቱን ይለካው፤ ግድግዳ እንደ እኔ አይዋሽም። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተኳርፈን ስለተለያየን ቃል ቢያመልጠኝ እለፉኝ እንጂ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

መጽሐፍ ጠራዡን ሰፈር ሁሉ «ሙጫው» ይለዋል። አንድ ቀን ደንበኛ ጨብጦ ሁለቱ እስከ ምሳ ሰዓት ተያይዘው ዋሉ፤ አይቻለሁ። ባደገበት ቤት፣ የፊቱን ክፍል ሱቅ አድርጎ፣ ከታመመ አባቱ ጋር ይኖራል። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባቱ ዓይኑን ሳይከድን ታላቅ እህቱ መጥታ አንዴ «አባዬ» እንድትለው። እህትየው ካገባች ወዲህ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የዚያን ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ለምን ሲሏት «ጫማዬ ይጠበኛል» ትላለች።

ለምኖ ያልሆነለትን በመጽሐፍ ሞከረ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልብ ወለድ ነበራቸው፤ እህቱ በልጅነቷ ጀርባው እስኪረግፍ ያነበበችው። ጉም የማይለየው ትልቅ ቤት፣ ደወል ያለው ጌታ። ጌታው በደወለ ቁጥር የቤቱ ሰዎች ከመካከላቸው አንዱን ይረሳሉ፤ የተረሳውም ከነነፍሱ ግድግዳ ውስጥ ይቀራል። ሙጫው ይህን ጨዋታ አደረገው። አንዱ ይተርካል፤ ሌሎቹ የታሪኩን ሰዎች ሆነው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ዳይስ፣ ያ ባለ ስድስት ፊት መጫወቻ ጠጠር፣ ይፈርዳል። ሁሉም የሚወዳቸውን ሰዎች በወረቀት ይጽፋል። ደወል ሲደወል ዳይስ ይጣላል፤ ከሦስት በታች የወጣበት አንዱን ሰው በላጲስ ያጠፋል። ሙጫው ለራሱም ወረቀት ያዘና «አባዬ» እና «እትዬ» ብሎ ጻፈ። እናቱን አልጻፈም። ሆስፒታል ሞተች ሲባል ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ መልኳንም አያውቅም።

ጣጣው የመጣው ለጨዋታው በሚስለው የቤት ካርታ ላይ ነው። ሙጫው ሳይለካ አንድ መስመር አያሰምርም፤ የሙያው አመል ነው። የጌታውን ቤት ከሐሳቡ መሳል ሲያቅተው የገዛ ቤታቸውን ለክቶ ሳለ። ውጩ አሥራ አራት ሜትር። ውስጡ ከነግድግዳው አሥራ አንድ ተኩል። ሦስት ጊዜ ለካ፤ ሁለት ሜትር ተኩሉን የበላው ጅብ አልጮኽ አለ። ታሪኩ ድብቅ ክፍል ይፈልግ ስለነበር «እሰይ» አለና፣ ሱቁ ውስጥ ወረቀት ከሚያስቀምጥበት ቁም ሳጥን ጀርባ ክፍል ሳለበት፤ በርም አወጣለት።

እሑድ ከሰዓት፣ የልጅነት መጽሐፍሽን እንጫወት ብሎ ጠርቷት፣ እህቱ ከባሏ ጋር መጣች። ባሏ መካኒክ ነው፤ ቡሎን ይሉታል።

«መጣሁ እንጂ አልገባሁም» አለች ደፉ ላይ ቆማ።

«እትዬ፣ ለመጽሐፉ ብለሽ።»

«ግቢ በቃ፣ ቆመን ዛግን» አለ ቡሎን።

ገባች። ወደ ጓዳው፣ አባቷ ወደተኛበት፣ ቀና ብላም አላየች። ሙጫው ደወል አላዘጋጀም፤ አባቱ ውሃ ሲጠማው የሚደውላት ትንሽ ደወል ትበቃለች አለ።

«ሽማግሌው በጠማው ቁጥር እኛ ዘመድ ልንረሳ?» አለ ቡሎን። «እኔስ አማቾቼን ነው የጻፍኩት፣ ይደውል።»

ቡሎን ሐኪም ሆኖ ይጫወታል። «ጋሪዬን አስነሳለሁ» አለ።

«ጋሼ፣ ጋሪ የሚሄደው በፈረስ ነው።»

«ፈረሱን አስነሳለሁ። እምቢ ካለ ካንዴላው ቆሽሾ ነው።»

እህትየው ሳቀች። ሙጫው ስትስቅ ሲያያት «ዛሬስ አባዬ ትለዋለች» አለ በልቡ፤ ካርታውንም ዘረጋ።

ሳቋ እዚያው ደረቀ። ጣቷን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ክፍል ላይ አሳረፈች።

«ይህን ማን ነገረህ?»

«ማንም። ለክቼ ነው።»

«በሩን እከፍታለሁ» ብላ ዳይሱን ጣለች። ስድስት።

ሙጫው ደብተሩን ገለጠ። «ውስጡ አንድ ባዶ ወንበር...»

«ባዶ አይደለም። ውስጡ ያለችው እናታችን ናት።»

ሙጫው ደብተሩን ዘጋ።

«ሆስፒታል አልሞተችም» አለች፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። «ታማ ነበር፤ ትጮህ ነበር። አባትህ ጎረቤት እንዳይሰማ ብሎ እዚያ ቆለፈባት። በበሩ ሥር በዝርግ ሳህን ምግብ የማስገባላት እኔ ነበርኩ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ። አንድ ቀን ሳህኑ ሳይነካ አደረ፤ በማግስቱም እንደዚያው። እሱ ቀበራትና በሩን አስደፈነ። ሆስፒታል ሞተች በይ አለኝ። አልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባዬ እያልክ እያደግህ? በየትኛው አፌ?»

ሙጫው ተነሥቶ ቁም ሳጥኑን ገፋው። የጠራዥ ጣት መጋጠሚያ ያውቃል፤ በልስኑ ላይ ሄዶ ሄዶ ሻካራ መስመር አገኘ። መስመሩን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ታች ተከተለው። በር ነበር። እህቱ ሳህን ታስገባበት የነበረው ቦታ በሲሚንቶ ተሞልቷል።

ያኔ ከጓዳ ደወሉ ተደወለ። የሙጫው እጅ እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የአባቱ ውሃ ብርጭቆ ሄደ።

«ዳይስህን ጣል» አለች እህቱ። «ደወል ተደውሏል።»

ዳይሱን አልነካም። እርሳሱን አነሣና ወረቀቱ ላይ፣ ከሁለቱ ስሞች በላይ፣ «እማዬ» ብሎ ጻፈ። ደወሉ ደገመ። ሙጫው ብርጭቆውን ሞልቶ ወደ ጓዳ ገባ፣ ቃል ሳይተነፍስ አባቱን አጠጣው፣ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቱን ውሃ ማጠጣቱን። ብርጭቆው ከጠረጴዛው አልተነቃነቀም። ደወሉ እስኪደክመው ተደወለ፤ ሦስቱም ቁጭ ብለው ሰሙት።