አምስት ነጥብ አንድ ብቻ

ወንድሜን የገደለው የልብስ ስፌት ክፍሉ ግድግዳ ነው። አጎታችን ግን በለቀስተኛው ፊት፣ የመሬት መንቀጥቀጡ አምስት ነጥብ አንድ ብቻ እንደነበረ፣ እንዲህ ያለው ዶሮ እንኳ እንደማይገድል፣ ሟችን የጎዳው ተደናግጦ መሮጡ እንደሆነ ይናገር ነበር። ቤቱ የእሱ ነው። ሲሚንቶ ላይ እጁ ስለማይፈታ ተከራዮቹ ራሱን «ሲሚንቶ» ይሉታል። እኔም አንቱ የምለው በአፌ ብቻ ነው፤ በልቤ ትቻለሁ።

ገና ሐዘን ላይ ተቀምጠን ሳለ ግንበኛ አምጥቶ ፎቅ ላይ ያለውን የእነ ወንድሜን የመኝታ ክፍል ስንጥቅ በጀሶ አስደፈነ። ጀሶው ሳይደርቅ የወንድሜን ሚስት ከነሕፃኗ ወደ ክፍሉ ተመለሺ ይላት ጀመር። ክፍሉ ባዶ ከቆየ ሌሎቹ ተከራዮች እንዳይሸሹ ፈርቶ ነው። እሷም በሰው ቤት ወለል ላይ መተኛት መርሯት እሺ ልትለው ምንም አልቀራት።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ከቀብሩ ወዲህ ግን ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ያ ቁጥር ከምድር ውስጥ የወጣውን ጉልበት ይለካል እንጂ የማን ቤት ምን ያህል እንደተናወጠ አይናገርም። ራዲዮ ጥልቀቱ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው ብሏል፤ ከእግራችን ሥር እንደማለት ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ወርዶ ቢሆን አምፖል አወዛውዞ ባለፈ። ከበሮ ማዶ ሰፈር ሲመታና ጆሮዎ ሥር ሲመታ አንድ ነው ወይ ብዬ አጎቴን ጠየቅሁት።

ሳቀብኝ። «የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክዪ ኖረሽ ዛሬ የመሬትን ሆድ ልታስተምሪኝ? ወንድምሽን ፍርሃቱ በላው፤ አሁን ደግሞ ሚስቱን አስፈራሪያት።»

የወንድሜን ሚስት ይዤ ፎቅ ወጣሁ፤ እሱም እያጉረመረመ ተከተለን። ግድግዳው ከኮለኑ ምሰሶ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ በማንኪያ እጀታ ፋቅሁት። እርጥቡ ጀሶ ወዲያው ተነሣ። ከኋላው ብረትም ሲሚንቶም የለም፤ የተጠቀጠቀ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው። እሷ ጫፉን ይዛ ሳበችው። ወረቀቱ እየተቀደደ ወጣ፤ በክፍተቱም የውጩ ብርሃን ገባ። ወንድሜ ላይም የስፌት ክፍሉ ግድግዳ እንደ ጣውላ ነበር እንዳለ የወደቀው፤ የሚይዘው ነገር ስላልነበረ።

አጎቴ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚገነባው አለ።

«እንግዲያው ጋሼ፣» አለች የወንድሜ ሚስት፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ዛሬ እርስዎ እዚህ ግድግዳ ሥር ይደሩ። ነገ እኔ ልጄን ይዤ እገባለሁ።»

ወገቡ ከገዛ ፍራሹ ሌላ እንደማይወድ ነገራት።

አልሳቀችም። አንሶላውን ገፍፋ ፍራሹን መጠቅለል ጀመረች። ከዚህ ቤት እቃ ይዛ ከወጣች ዘመድ አለኝ እንዳትል ብሎ ጮኸባት።

«አልልም፤» አለችው። «እስከዚያው በዚያ ጫፍ ይያዙልኝ።»

እሱ አልነካውም። እኔ ያዝኩላትና ወረድን።