ዳትሰኗ ደህና ናት

በዚያ ዓመት፣ በፈረንጅ ሰማንያ አምስት ማለቂያ ላይ፣ በረዶ ሲጥል ደስ የሚለው የቶሮንቶዋ ሬክስዴል ሰፈር ነዋሪ ተማም ብቻ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ መቼ በሞቀ እያለ ሲያማርር፣ እሱ አራተኛ ፎቅ መስኮቱ ላይ ቆሞ፣ ፓርኪንጉ ጥግ ያለችው ቡናማ ዳትሰን እስክትሸፈን ይጠብቃል። ስትሸፈንለት እፎይ ይላል።

መኪናዋ የእሱ አይደለችም፣ የዘርይሁን ናት። ዘርይሁን ዊንተሩን ሊሠራ ወደ ኤድመንተን ሲሄድ ቁልፉን በሁለት እጁ አቀበለው። «ጋሽ ተማም፣ አደራ። ሚያዝያ ላይ ባለቤቴ ስመኝ ከካርቱም ስትመጣ ከኤርፖርት የማመጣት በራሴ መኪና ነው» አለው። ሌላም ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

ተማም ደረቱን ነፋ። «ወላሂ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት። የአሰብን መንገድ ሃያ ዓመት በተሳቢ የተመላለሰ ሹፌር ይዞልህ ምን ያሳስብሃል?»

አይ ሃያ ዓመት። በሳምንቱ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ አረንጓዴ ሆኖ አገኘው፤ በእሱ ቤት ተበላሽቷል። «እነዚህ ልጆች መኪና መያዝ መች ያውቃሉ» እያለ ጠብታ ሳያስቀር አፈሰሰውና ከቧንቧ የቀዳውን ንጹህ ውሃ እስከ አፉ ሞላበት። ወደ ቤቱ ሲወጣ ያፏጭ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ጠና። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞተሯን ሊያስነሳ ወርዶ ኮፈኑን ሲከፍት ክው አለ። ውሃው በረዶ ሆኖ የሞተሩን ብረት ከጎኑ ሰንጥቆታል፤ ስንጥቁ ትንሽ ጣት ያስገባል። ያኔ ገባው። አረንጓዴው ነገር፣ ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚጨመር መድኃኒት ኖሯል። ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ ስልኩ ይጮኻል። «ጋሽ ተማም፣ መኪናዋ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።» በቃ፣ መልሱ ይቺው ናት።

ሚስቱ ዙሀራ አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማለች። «ወላሂ ሳትል ውሃ የማትጠይቅ ሰውዬ፣ ለዘርይሁን ሲሆን ወላሂ ማለት ተውክ» አለችው አንድ ቀን። «ንገረውና ይውጣልህ።»

«ምን ብዬ? ውሃና መድኃኒት የማይለይ ሹፌር ነኝ ልበለው?» ተቆጣና ወንበሩን ጀርባውን ለመስኮቱ እንዲሰጥ አድርጎ አዞረው። ከዚያ ወዲያ ሥራ ሲሄድም በፓርኪንጉ ማለፍ ትቶ በጓሮ በር ይዞር ጀመር። ጭራሽ በመኪና ጠባቂነት ስሙ ወጥቶ፣ ሁለት ልጆች የእኛንም መኪና ይያዙልን ብለው መጡበት። ታምሜአለሁ ብሎ መለሳቸው። እውነቱን ነው፣ ከታመመ ቆይቷል።

መጋቢት ላይ በረዶው መቅለጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጣሪያዋ፣ ከዚያ መስታወቷ ብቅ አለ። ተማም ምግብ አልወርድ አለው። በወሩ የመጨረሻ እሑድ ዘርይሁን ደወለ። የስመኝ ትኬት ተቆርጧል፣ ሐሙስ ቶሮንቶ ትገባለች፣ እሱን ግን ሥራው እስከ ግንቦት አይለቀውም። «ከኤርፖርት እርስዎ ይቀበሉልኝ ጋሽ ተማም። ከእርስዎ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።»

ተማም መፈናፈኛ አጣ። ዙሀራን ቢያያት ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

«ወላሂ» አለ። «ወላሂ ዘርይሁን፣ መኪናህን ገድያታለሁ።» አረንጓዴውን ማፍሰሱን፣ ውሃውን፣ ስንጥቁን፣ አንድም ሳያስቀር ነገረው።

«አንድ ነገር እንደሆነች አውቄ ነበር» አለ ዘርይሁን። «ከታኅሣሥ ወዲህ ወላሂ ብለውኝ አያውቁም። ስሄድም አረንጓዴውን አንቲፍሪዝ አይንኩት ልልዎት ነበር፤ ለእርስዎ ስለ መኪና ምን ብዬ ልናገር? አፈርኩ።»

«ታዲያ ይህን እያወቅክ ሚስትህን በምን አምጣልኝ ትለኛለህ?»

«መኪናዋን መቼ አነሳሁ ጋሽ ተማም? እርስዎን ነው ያልኩት።»

ተማም ስልኩን እንደያዘ፣ ዙሀራ ፊት፣ አለቀሰ።

ሐሙስ ዕለት የዙሀራን ወፍራም ካፖርት ለስመኝ ብሎ ክንዱ ላይ ጣለና በፊት ለፊት በር ወጣ። ፓርኪንጉን አቋርጦ፣ በዳትሰኗ አጠገብ አልፎ፣ የኤርፖርቱን ባስ ሊይዝ ሄደ።